ዓሣውን ከዘይት አውጥተን ለድግስ እናቅርበው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በምግብ ዓምዳችሁ ላይ በሎሚና በቅጠላ ቅጠል ኦቭን ውስጥ ስለሚበስል ነጭ ዓሣ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። በጣም ደስ ብሎኛል። ስለ ዓሣ የሚጽፍ ጋዜጣ ብዙ የለም። ግን አንድ ነገር አስቆጨኝ። ጽሑፉ ምግቡን ክብደት መቀነስ ለሚፈልግና ሐኪም ቅባት ለከለከለው ሰው ብቻ አስመስሎ አቀረበው። እኔ ጅማ ከተማ ውስጥ ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለክርስትና፣ ለአቂቃ ምግብ የማዘጋጅ ሴት ነኝ። ኑሮዬም ሙያዬም ድግስ ነው። ይህ ዓሣ ለእኔ የበሽተኛ ምግብ አይደለም። የድግስ ምግብ ነው። በተለይ ለጅማ ሰው።

ጅማ ላይ ድግስ የደገሰ ሰው የምለው ይገባዋል። እዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አጥር ለአጥር ነው የሚኖረው። ስለዚህ አንድ ድግስ ሲታሰብ ሁለት ማዕድ ይታሰባል። በሬው ለብቻ፣ በጉ ለብቻ። ድስቱ፣ ቢላው፣ ጭልፋው፣ መክተፊያው ሁሉ ለየብቻ። አብሳዮቹም ሁለት ቡድን ናቸው። እኔ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ስሮጥ እውላለሁ። ጭልፋ ከወዲያ ወደ ወዲህ እንዳይሻገር ዓይኔን አልነቅልም። ይህን ማንም እንደ ጠብ አያየውም። መከባበር ነው፣ ልጅ ሆነን ያየነው፣ ከአባቶቻችን የመጣ። ቢሆንም ልቤ ቅር ይለዋል። ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ጀበና ቡና ሲጠጡ የከረሙ ጎረቤቶች በደስታቸው ቀን ተለያይተው ይቀመጣሉ።

ዓሣ ግን ባራኪ አይጠይቅም። አይታረድም። ሙስሊሙም ይበላዋል፣ ክርስቲያኑም ይበላዋል። እኔ በሠራሁባቸው ድግሶች ንጹሕ ዕቃ ላይ እስከቀረበ ድረስ ከዓሣ ትሪ የሸሸ ጎረቤት አላየሁም።

በቅርቡ አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ልጁን ከዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቅ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። ከሁለቱ የሥጋ ማዕድ ሌላ ሦስተኛ እንጨምር ብዬ ባለቤቶቹን አሳመንኩ። ሙሉ ሙሉ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ)፣ ሎሚና በሶብላ ሆዱ ውስጥ ገብቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ የበሰለ። ዕቃውን ሁሉ አዲስ አደረግን። ትሪው መሐል ላይ ሲቀመጥ የጎረቤት ሐጂ አባት ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ይሄ የማነው?» አሉኝ። የየትኛው ወገን ነው ማለታቸው ነው። «የሁላችሁም ነው አባቴ፣ ዓሣ ነው» አልኳቸው። ወንበራቸውን ስበው ከተመራቂው አያት ጎን ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአንድ ትሪ ሲቆርሱ ቆመው ያዩ ሰዎች እነሱም መጡ። መጀመሪያ ያለቀው ማዕድ ያ ነበር። ዝግጅት ክፍሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ስለዚህ ዓሣ ስትጽፉ ካሎሪውን ብቻ አትጻፉ።

ካሎሪውም ቢሆን ይጻፍ። እኔም ልጻፈው፣ ምክንያቱም የሚያኮራ ነው። ያለ ዘይት የበሰለ 100 ግራም የቆሮሶ ሥጋ፣ ማለትም መዳፍ የምታህል ቁራጭ፣ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። ስለዚህ ያቺ ቁራጭ ከአራት እንቁላል ትበልጣለች። ስቡ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ጉልበቱ ወደ 130 ካሎሪ ነው። ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን ደግሞ አንድ አዋቂ ለቀኑ የሚያስፈልገውን ያህል ከሞላ ጎደል እዚያች ቁራጭ ውስጥ አለ። ፎስፈረስና ፖታሲየምም አለው፣ ቫይታሚን ዲም በመጠኑ።

ከሁሉ በላይ ግን ቢ12ን ልጥራ። ይህ ቫይታሚን ለደምና ለነርቭ ነው። ከሽሮ አይገኝም፣ ከምስር አይገኝም፣ ከጎመንም አይገኝም። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ውስጥ ነው ያለው። አንድ አዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ያስፈልገዋል፣ ከዚያች 100 ግራም ዓሣ 1.9 ገደማ ያገኛል። ሥጋ በዓል ሲመጣ ብቻ ለሚገባበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ክርክር አልገባም። እሱን ለአባቶች ትቻለሁ። የማየውን ግን ልናገር። በብዙ ቤት ዓሣ የሚታወሰው በሁዳዴ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ይረሳል። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ሁዳዴ ስሙም አይነሳ። በዓለም አንድ ሰው በአማካይ በዓመት 20 ኪሎ ገደማ ዓሣ ይበላል፣ በእኛ አገር አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሐይቅና ግድብ ላለው አገር ይህ ያሳዝናል።

ጽሑፋችሁ ላይ አንድ ማረሚያ ቢገባ ደግሞ እወዳለሁ። ዓሣ ሁሉ በኦሜጋ 3 የተሞላ አስመስሎታል። በዚህ የሚታወቁት ሳልመንና ሰርዲንን የመሳሰሉ ቅባታም የባሕር ዓሦች ናቸው። ቆሮሶ ኦሜጋ 3 አለው፣ ግን ትንሽ ነው። የአዮዲንም ነገር እንደዚያው ነው። አዮዲን የሚበዛው በባሕር ዓሣ ነው፣ የግድብና የሐይቅ ዓሣ ብዙ የለውም። እንቅርት ያስቸገረው አካባቢ ያለ ሰው ዓሣ በላሁ ብሎ አዮዲን ያለውን ጨው መተው የለበትም። ጨዉንም ምግቡ ከእሳት ሊወጣ ሲል ነው መነስነስ፣ ሙቀት አዮዲኑን ይቀንሰዋልና። የቆሮሶ ክብሩ ፕሮቲኑና ቢ12ቱ ነው። ያለውን እንንገርለት፣ የሌለውን አንጨምርበት።

አሁን ወደ ዘይቱ። ከተማችን ውስጥ ዓሣ ማለት ጥብስ ነው። ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ዘይት ውስጥ ይዘፈቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ከዓሣው ቁራጭ እኩል ማለት ይቻላል። ያ ዘይት ደግሞ ብዙ ጊዜ የትናንት ነው። ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ አረፋ እየደፈቀ አየዋለሁ። ዘይት በተደጋጋሚ ሲግል ይበላሻል፣ ለልብም ለጨጓራም ጥሩ አይደለም። ጣዕሙም ቢሆን ምኑ ነው? ቅርፊቱ ቀይ፣ ውስጡ ደረቅ። ዓሣውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው የምንበላው። አንድ ቀን እንግዳ ይዤ እዚሁ ከተማ አንድ ሆቴል ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ምናሌው ላይ «በሎሚ የተጋገረ ዓሣ» ይላል። አዘዝን። የመጣው ጥብስ ነው፣ ከላዩ ሁለት የሎሚ ቁራጭ ተቀምጦበታል። አስተናጋጁን ጠየቅኩት። «እትዬ፣ ኦቭኑ ለኬክ ነው፣ ዓሣ ሁሌም እንደዚህ ነው የምንሠራው» አለኝ። ልጁ አልዋሸም፣ ምናሌው ነው የዋሸው። እንግዳዬ ፊት አፈርኩ።

አሠራሩን ልጻፍ፣ ምክንያቱም በዓምዳችሁ የወጣው ለእኛ አይመችም። ኮድ የሚባል የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ፣ የወይራ ዘይትና ፐርሰሜሎ ይላል። ኮድ ጅማ አይገኝም፣ አያስፈልገንምም። ከአርባ ምንጭ የሚመጣ የናይል ፐርች ፊሌቶ ካገኛችሁ ሥጋው ነጭና ወፍራም ነው፣ ግሩም ይሆናል። የእኔ ምርጫ ግን ቆሮሶ ነው፣ ከግልገል ጊቤ ግድብ የወጣው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ 184 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ተብሎ ነው የተሠራው። ኦሞ ናዳ፣ ሰኮሩ፣ ቀርሳና ጢሮ አፈታ መሐል የተኛው ውኃ ግን ዓሣም ሰጠን። በማለዳ መረቡን ያወጣው አሥጋሪ ዓሣውን ቶሎ ከጫነው ረፋዱ ላይ ጅማ ይገባል።

ዓሣ ስገዛ ዓይኑን ነው መጀመሪያ የማየው። የጠራና ወደ ውጭ ሞላ ያለ መሆን አለበት። የሰረጎደና ጭጋግ የለበሰ ዓይን ካየሁ ጥዬው እሄዳለሁ። ቀጥሎ ስንጥቡን ገልጬ አየዋለሁ። ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ። ወደ ቡናማ ከሄደ ቆይቷል። ከዚያ ጎኑን በጣቴ እጫነዋለሁ። ሥጋው ወዲያው ከተመለሰ ይገዛል፣ ጉድጓዱ ከቀረ አይገዛም። ሻጩ «ዛሬ ነው የወጣው» ቢል እንኳ ጣቴን ነው የማምነው። ከመዳፍ የማይበልጠውን ትንሽ ዓሣ ደግሞ በነፃ ቢሰጡኝ አልወስድም። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። ያን ያህል የተለፋበትን ሳያድግ ካወጣነው ነገ ምን ልንበላ ነው?

ሙሉውን መግዛት ይሻላል። ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ሲሶው ገደማ ነው። ቀሪው ጭንቅላትና አጥንት ነው፣ እሱን ፊሌቶ ብቻ የሚገዛ ሰው ያጣዋል። ጭንቅላቱ ድንቅ ሾርባ ይወጣዋል። ሙሉ ሆኖ ሲበስል ደግሞ አጥንቱ ሥጋውን እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል።

ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ከጭራ ወደ ራስ መፋቅ። ሆዱን መክፈትና ማጽዳት። ቆሮሶ ሆዱ ውስጥ ጥቁር ስስ ሽፋን አለው፣ ብዙ ሰው ይተወዋል። እሱ ነው የሚመርረው። በጨርቅና በጨው አሽቶ ሙልጭ አድርጎ ማውጣት ነው። ስንጥቡም ይውጣ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብና በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። ውኃ ያዘለ ዓሣ ይቀቀላል እንጂ አይጋገርም። ጎንና ጎኑን ሦስት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ሰንጠቅ አደርገዋለሁ፣ ቅመሙ እንዲገባ።

ቅጠሉ የእኛው ነው። ለአንድ ግማሽ ኪሎ ዓሣ አንድ እፍኝ ትኩስ በሶብላ፣ ትንሽ ጦስኝ፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ሁለት ሦስት ፍንካች፣ ትንሽ ዝንጅብልና አንድ የተሰነጠቀ ቃሪያ። የጥብስ ቅጠል ከተጨመረ አንድ ዘለላ ይበቃል፣ ከበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የድንብላል ቅጠል የሚወድ ይጨምር። ኮረሪማ የአገራችን ኩራት ነው፣ ዓሣ ላይ ግን አልወደውም። የዓሣ ጣዕም ስስ ነው፣ ኮረሪማ ይጋርደዋል። በርበሬም እንደዚያው። አዋዜው ጎን ላይ ይቅረብ፣ የፈለገ ያጥቅስ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ቆዳውን ለመቀባት ይበቃል። ጾም ካልሆነ ጥቂት ለጋ ቅቤ ሆዱ ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን ቀምሶ ማየት ነው።

ሎሚው ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የግድብና የሐይቅ ዓሣ አንዳንዴ የጭቃ ሽታ አለው። ሽታው ውኃ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚመጣ ነው፣ ጂኦስሚን ይባላል። አሲድ ያፈርሰዋል። ሎሚ ሽታ አጠፋ የምንለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመጋገሩ በፊት በሎሚ ጭማቂ ማሸት ተገቢ ነው፣ ግን ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ከቆየ ሎሚው ሥጋውን ያኮማትረዋል፣ ሲጋገር ይደርቃል። ሆዱ ውስጥ የሚገባው ሎሚ ደግሞ ልጡ ይነሳለት። የእኛ ትንሿ ሎሚ ከነልጧ ረጅም ጊዜ ከበሰለች ትመራለች። ከዚያ ዓሣው ከእሳት ሲወጣ አንድ ትኩስ ሎሚ ከላይ መጭመቅ። ይህኛው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ የተጨመቀው ግን ይተርፋል። ዓሣው ከጎመን ወይም ከምስር ጋር ሲበላ ደግሞ ያ ቫይታሚን ሰውነታችን የጎመኑንና የምስሩን ብረት እንዲወስድ ያግዘዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሎሚ ጥሬ ዓሣን አያበስልም። ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በሎሚና በዳጣ የሚበሉ ሰዎች አሉ። ሥጋው ስለነጣ የበሰለ ይመስላል። ዓሣ ውስጥ ያሉ ጥገኛ ትሎች በሎሚ አይሞቱም፣ እሳት ነው የሚገድላቸው።

ኦቭን ያለው ሰው አስቀድሞ 200 ዲግሪ ያግለው። ፊሌቶ ከሆነ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ሙሉ ዓሣ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። መብሰሉን ከጀርባው ወፍራም ቦታ ላይ በሹካ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ሥጋው ብርሃን ከማሳለፍ ወደ ንጹሕ ነጭ ከተቀየረና በንጣፍ በንጣፍ ከተላቀቀ በስሏል። ቴርሞሜትር ያለው 63 ዲግሪ ላይ ያውጣው። ከዚያ በላይ ማቆየት ጥጥ ማድረግ ነው።

ኦቭን የሌለው ቤትስ? ጅማ ላይ አብዛኛው ቤት የለውም፣ እኔም ድንኳን ውስጥ የለኝም። እናቶቻችን ግን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከላይም ከታችም እሳት አድርገው ኖረዋል። በዚያው መንገድ ነው የምሠራው። አንድ ሰፊ የኮባ ቅጠል እቆርጥና ፍሙ ላይ ወለብ ወለብ አደርገዋለሁ። አረንጓዴው ይደምቃል፣ ቅጠሉ እንደ ጨርቅ ይላላል። ሳይለበለብ ከታጠፈ ይሰነጠቅና መረቁ ሁሉ ይፈስሳል። ዓሣውን መሐል አስተኝቼ ቅጠሉን ከአራት በኩል አጥፌ በራሱ ልጥ አስረዋለሁ። ከሰል ምድጃ ላይ የተጣደ ምጣድ፣ ምጣዱ ላይ ዓሣው፣ ከላይ የብረት ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ነው። መሐል ላይ አንድ ጊዜ እገለብጠዋለሁ። ኮባው ከውጭ ጠቁሮ ሲከፈት እንፋሎቱ በሶብላና ሎሚ እየሸተተ ይወጣል። ዓሣው በራሱ ውኃ በስሎ መረቁ ቅጠሉ ላይ ይጠራቀማል። ያንን መረቅ እንጀራ ላይ ማፍሰስ ነው። ኮባ የሌለው የሙዝ ቅጠል ይጠቀም። ፎይልም ይሠራል፣ ሎሚው በቀጥታ እንዳይነካው ግን ከውስጥ ቅጠል ቢነጠፍበት ይሻላል፣ አሲድ ከአሉሚኒየም ጋር ሲሞቅ አይስማማም።

ለድግስ ስንት ይበቃል ለሚሉኝ ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ሙሉ ዓሣ እላለሁ፣ 160 ግራም ገደማ ሥጋ ይወጣዋል። ሌላ ማዕድ ካለ ግማሹ ይበቃል። ዓሣ የማይስማማው፣ ቆዳውን የሚያሳክከው ወይም የሚያሳብጠው ሰው ስላለ ትሪው ሲቀርብ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ትናንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች አጥንት ፈርተው ዓሣ አይሰጧቸውም። ፍርሃቱ ልክ ነው፣ መከልከሉ ግን አይደለም። ከጀርባው የተነሳውን ወፍራም ሥጋ በጣት ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ አጥንቱን መልቀምና አድቅቆ ከድንች ጋር መፍጨት ነው። ስድስት ወር ያለፈው ሕፃን ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር ከዚህ የተሻለ ምን ይሰጠዋል? ነፍሰ ጡሮችም ቆሮሶን ይብሉ። ሜርኩሪ የሚከማችባቸው ትልልቅ አዳኝ የባሕር ዓሦች ናቸው፣ ቆሮሶ ውስጥ ያለው በጣም ትንሽ ነው። ለእነሱም ቢሆን በደንብ የበሰለ ይሁን።

የሚያስጨንቀኝ በረዶው ነው። ዓሣ ከሥጋ ቶሎ ይበላሻል። ጅማ ደግሞ ሞቃትና እርጥብ ናት። ዓሣው ከግድቡ እስከ ከተማው በማዳበሪያ ከረጢት፣ በሞተር ሳይክል ኋላ ታስሮ ሲመጣ አያለሁ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ሌሊት ውኃ ላይ አድረው ነው የሚመጡት። የጎደላቸው በረዶና ክዳን ያለው ሣጥን ነው። ግድቡ ዳር አንድ የበረዶ ማሽን ቢኖር አሥጋሪው ዓሣውን በችኮላ በርካሽ አይጥለውም፣ እኛም ጠዋት ያየነውን ማታ በእርግጠኝነት እናበስላለን። የሚመለከታችሁ የዞንና የከተማ ኃላፊዎች ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ከሆነ እባካችሁ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ተመልከቱልን። ሻጭም ገዢም የምንገናኝበት፣ ጥላና ውኃ ያለው አንድ የዓሣ መሸጫ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ቢሠራልን ደግሞ ሌላ አንጠይቅም። አሁን ዓሣው ከሽንኩርቱና ከድንቹ መሐል፣ ፀሐይ ላይ፣ ዝንብ እየወረረው ነው የሚሸጠው። እኔ ዓይንና ጣት ስላለኝ እመርጣለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ሊገዛ የመጣ ሰው ግን ያንን አይቶ ዳግመኛ አይመለስም፣ አይፈረድበትምም።

ለሆቴል ባለቤቶችም አንድ ነገር ልበል። ኦቭናችሁን በሳምንት አንድ ቀን ለዓሣ ስጡት። ምናሌው ላይ የጻፋችሁትን አቅርቡ። እንግዳ ሲመጣ ጅማን በቡናዋና በማሯ ብቻ አይደለም የሚያስታውሳት፣ ጥሩ ያበላውንም ቤት ያስታውሳል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው ዓምድ የኮባውን አሠራር አውጡልን፣ ኦቭን ለሌለው ሰው። የቅጠሎቹንም ስም በምናውቀው አድርጉት። በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል በሉ፣ ሰው ከጓሮው ይቁረጠው። ከፈለጋችሁ ለሃምሳ ሰው ድግስ የሚሆነውን ልክ ጽፌ እልክላችኋለሁ፣ ከነከሰሉ መጠን።

ከአክብሮት ጋር
የድግስ ምግብ አዘጋጅ፣ ከጅማ